እትዬ እታለም በሁዳዴ የወፈረችበት ዓመት

ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ፣ እትዬ እታለም ያንን ሁዳዴ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠች ነው ያሳለፈችው ብሎ እስከ ዛሬ የሚያምን ሰው አለ። ውሸት ነው። አንድ ቤት ስለምንኖር ምስክር ነኝ፤ እንኳን ሥጋ፣ ቅቤ የነካ ማንኪያ አልላሰችም። ግን ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። እኔ ደግሞ ሳልጠየቅ የምመሰክር ልጅ አይደለሁም።

እትዬ እታለም የአጎቴ የጋሼ ብዙነህ ሚስት ናት። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሷ» ናት፤ ካነበበች ትናደድ። እንደማታነበው ግን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም መነጽር አታደርግም። መነጽር ያስረጀኛል ትላለች። ይቺን የመነጽር ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

እኔ ቀጸላ እባላለሁ። እናቴ ስትሞት ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ አጎቴ ስንት ደጅ ጠንቶ ወደ አሜሪካ፣ ዴንቨር አመጣኝ። እዚህ ደግሞ የተማርኩትን ሳይሆን ቁመቴን አይተው ዘጠነኛ ክፍል ወረወሩኝ። ከአገሬ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣና አንድ እንቅርት ነው። እናቴ እንቅርት እንዳይወጣባት በልጅነቷ አንገቷን ተነቅሳ ነበር። እኔን ሳታስነቅሰኝ ስለሞተች እኔ አወጣሁ። ሐኪሞቹ አንገቴን ሲያዩ ውስጡ ያለው ነገር አላማራቸውም፤ በሐምሌ ዕጢውን ሙልጭ አድርገው አወጡት። አሁን የቀረኝ ቀጭን መስመር ነው። የክፍል ልጆች ሲጠይቁኝ በጩቤ ተጣልቼ ነው እላለሁ። ወንበር ይለቁልኛል።

ታይሮይድ የሚሉት ያ ዕጢ ከወጣ በኋላ ሥራውን የሚሠራልሽ ኪኒን ነው፤ በየቀኑ፣ እስከ ዕድሜ ልክ። ነርሷ ይህን ስታስረዳ ያስተረጎመችልኝ እትዬ እታለም ናት። አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄደች የምትንከባከብ ስለሆነች በሕክምና እንግሊዝኛ ከእሷ በላይ ላሳር ነው።

«ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ» አለችኝ። «ከዚያ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ቁርስ። ቡናም ቆየት ብለሽ ነው። የካልሲየሙን ኪኒን ከእሱ ጋር እንዳትውጪ፣ ይሻማሉ፤ እሱ ከሰዓት ይሁን።»

ነርሷ ቀጥላ ረጅም ነገር ተናገረች። እትዬ እታለም ወደ እኔ ሳትዞር አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት። ነርሷ ሳቅ ብላ ጣቷን አወዛወዘች።

«ምን አለች?»

«ምንም። ካለ መጠኑ የወሰደ ሰው ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ይከሳል አለች።»

«እርስዎስ ምን አሏት?»

«ስንት ኪሎ ነው የሚከሳው ብዬ ነዋ። ለጨዋታ።»

ሳቀች። እኔም ጅሏ አብሬ ሳቅሁ።

ባለ ቀለሙ ኪኒን ሰውነቴን ስላሳከከኝ ቀለም የሌለው ነጩ ተሰጠኝ፣ ሁለት ሁለት። የምስር ክክ የምታህል ነገር ናት። ከፋርማሲ የምታመጣልኝ እትዬ እታለም ነበረች፤ እሑድ እሑድም የሳምንቱ ቀናት የተጻፉባትን የፕላስቲክ ሳጥን የምትሞላልኝ እሷው ነበረች። «ልጅ ስለሆነች ትረሳለች» ትላለች ለሰው። ሰውም «እንዴት ያለች ደግ ናት!» ይላል።

እስከ ገና ድረስ ደህና ነበርኩ። ከገና በኋላ የእትዬ እታለም ታናሽ እህት የፀዳል ሠርግ ተቆረጠ፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ። ዘመድ ከዋሽንግተን ሊመጣ ነው፣ ቪዲዮ አለ፣ ድሮን የሚያበር ሰው ሳይቀር ተይዟል። እትዬ እታለም መስታወት ፊት ቆማ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፦

«በዚህ ቦርጭ ከካሜራ ፊት አልቆምም! ሞቼ ነው!» አለች።

አልሞተችም። መክሳት ጀመረች። በጥር መጨረሻ ሱሪዋ ከወገቧ እየወረደ በመርፌ ቁልፍ ትይዘው ነበር። ልኳን አስለክታ አዲስ አበባ ላከች፤ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ፣ ከኋላ ዚፕ ያለው የሐበሻ ቀሚስ አሰፋች።

በዚያው ሰሞን እኔ ማበጥ ጀመርኩ። ፊቴ ተነፋ፣ ቆዳዬ እንደ አሮጌ ቀበቶ ደረቀ፣ ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ ይቀራል፣ ድምፄ የሽማግሌ ሆነ። ማታ ያጠናሁት ጠዋት የለም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጣለኝና ካፒቶል ሂል ድረስ ሄጄ ነቃሁ፣ የቤቴ ተቃራኒ።

ብርዱን ደግሞ አታንሱት። ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር ያለው ቤታችን አዲስ ነው፣ ማሞቂያው፣ ሂተሩ፣ ግን አንድ ነው። ግድግዳው ላይ ያለችውን ማስተካከያ እኔ ሳልፍ ወደ ላይ፣ እሷ ስታልፍ ወደ ታች። ውጭው በረዶ ሆኖ እሷ የኩሽናውን መስኮት ከፍታ በወረቀት ፊቷን ታራግባለች፤ የሻይ ብርጭቆ እጇ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ንጋት ላይ ተነሥታ ምድጃ ታጥባለች። እኔ ሶፋ ላይ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ጥርሴ ይንገጫገጫል።

ጋሼ ብዙነህ በመሃላችን ይቆምና «ሰዎች፣ እኔ የገዛሁት አንድ ቤት ነው፤ ሁለት አገር አይደለም!» ይላል።

በየካቲት ለምርመራ ደም ሰጠሁ። ቲኤስኤች የሚባል ቁጥር አለ። እንደ ገባኝ ከሆነ ጭንቅላት አንገትን «ሆርሞን አምጪ!» ብሎ የሚጮኸው ጩኸት ነው። ሆርሞኑ ከበቃው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ካነሰው ይጮኻል። ከአራት ገደማ ባያልፍ ጥሩ ነው። የእኔ ሃምሳን አልፏል። ጭንቅላቴ እሪ እያለ ነበር።

«ኪኒኑን እየወሰደች አይመስለኝም ነው የምትለው» ብላ አስተረጎመች እትዬ እታለም፣ በሐዘን።

«እወስዳለሁ!»

«እሺ የኔ እናት። ከፋሲካ በኋላ ድጋሚ ይታይ፤ እስከዚያ መጠኑን አንቀይርም፣ በትክክል ትውሰድ ብላለች።»

ቤት እንደደረስን ፍርዱ ተሰጠ። ጋሼ ብዙነህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ ውሎ የሚገባ፣ ስኳሩን የሚፈራ፣ ሚስቱን የሚያምን ሰው ነው።

«ቀጸላ፣ ኪኒኑን እንደምትጥይው ገብቶኛል። ለምን እንደምትጥይው ግን አልገባኝም።»

«ጋሼ፣ እናቴ ትሙት...»

«እናትሽ ሞታለች! በእሷ አትማይ!»

እትዬ እታለም ጣልቃ ገባች። «አትቆጣት። የእሷ ጥፋት አይደለም። ሐኪም ያቃተው ነገር ሲሆን ወዴት እንደሚኬድ እናውቃለን። አገር ቤት ወስደን ጸበል እናስገባት። ቢበዛ ግማሽ ዓመት ብትቆይ ነው። ትምህርቱ የትም አይሄድም።»

ጋሼ አሰበበት። «የፋሲካው ምርመራ እንዲህ ሆኖ ከመጣ፣ ሠርጉ ባለቀ ማግስት ትሄጃለሽ» አለ።

ጸበል አልጠላም። ግን አንዳንድ ቦታ ኪኒን ይዞ የሚገባን ሰው እምነት የለሽ ይሉታል፤ እኔ ደግሞ ያለ ኪኒን የለሁም። ትምህርቱም ሳይሄድ አይቀርም፤ አንድ ጊዜ ሄዶብኝ ያውቃል። ያኔ ገና አንድ መጽሐፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ መቻሌ ነበር።

ከዚያ የቅበላ ሰሞን መጣ። ዓርብ ጠዋት ረፈደብኝና ኪኒኖቼን በእጄ ጨብጬ ሮጥኩ። ቻምበርስ ሮድ ላይ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ የውሃ ጠርሙሴን ብከፍት ባዶ ነው። በደረቁ እውጣለሁ ብዬ ምላሴ ላይ አደረግኋቸው።

ጣፈጡኝ።

ትንሽ አይደለም። ጉሮሮ የሚከረክር፣ መጨረሻው መረር የሚል ጣፋጭ። ይህን ጣዕም አውቀዋለሁ! ጋሼ ብዙነህ በስኳሩ ምክንያት ሻዩ ውስጥ የሚጨምራት ማጣፈጫ አለች፤ ከትንሽ ሳጥን ጠቅ ሲያደርጋት ነጭ ፍሬ ዱብ ትላለች። ቤት የመጣሁ ሰሞን ከረሜላ መስላኝ ሰርቄ ቀምሻት አውቃለሁ። ስርቆት አንዳንዴ ይጠቅማል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ማንም አልነበረም። የእትዬ እታለም መኝታ ቤት ገባሁ። የኮመዲኖዋ መሳቢያ ውስጥ «ለፀጉርና ለጥፍር» የሚል የቫይታሚን ጠርሙስ አለ። ከፈትኩት። የእኔ ነጫጮች ናቸው፤ ላያቸው ላይ ጥቃቅን ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። ማጣፈጫው ምንም አልተቀረጸበትም፤ ከዚያ በቀር መንታ ናቸው። እኔ ጭንቅላቴ ጭጋግ ስለነበር አላየሁም። እሷ ደግሞ ያለ መነጽር አታይም።

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። የወደቀ ፀጉሬን አሰብኩ። አውቶቡስ ውስጥ የተኛሁትን አሰብኩ። «እሺ የኔ እናት» ያለችኝን አሰብኩ። ያን ዕለት የሞቀኝ በንዴት ነው።

ለጋሼ ልናገር? ሚስቱን ነው የሚያምነው፤ እኔ የምረሳዋ፣ የምጥለዋ ነኝ። ፖሊስ ልጥራ? ጋሼ ይዋረዳል፤ እኔ ደግሞ ከእሱ ሌላ ማንም የለኝም። ደግሞ ቢታመንልኝስ? ታለቅሳለች፣ ሽማግሌ ይገባል፣ «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይቅር በይ» እባላለሁ፣ ጉልበቷን ስሜ እነሣለሁ። እኔ ጉልበቷን መሳም አልፈለግሁም። እንዲብረከረክ ነው የፈለግሁት።

እሑድ ዕለት ሰው ሁሉ ለቅበላ ዶሮ ላይ ሲረባረብ ሥራዬን ጨረስኩ። የእኔን ከቫይታሚኑ ጠርሙስ አወጣሁ፣ በምትኩ የጋሼን ማጣፈጫ ሞላሁበት። ሳምንታዊ ሳጥኔንም በእውነተኛው ቀየርኩ። ከዚያ ወጥቼ ሁለት ቅልጥም በላሁ።

ሰኞ ሁዳዴ ገባ። ጠዋት በበሩ ቀዳዳ አየኋት፤ ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውሃ በትልቅ ብርጭቆ ይዛ ኪኒኖቹን አፏ ውስጥ ወረወረችና ግጥም አደረገች። እኔም ክፍሌ ውስጥ የእኔን በውሃ ዋጥኩ። በጤናችን!

ሆርሞን ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሳምንት ጠበቅሁ፣ ምንም የለም። እያደር ግን ጠዋት ስነሣ ራሴን መጎተት ተውኩ። ካልሲየሜን ከሰዓት፣ ኪኒኔን ጎህ ሲቀድ፤ የጾሙን የአኩሪ አተር ወተት ሳይቀር ከኪኒኑ አርቄ ነው የምጠጣው፣ ይሻማል ብለውኛልና። ድምፄ ተመለሰ። በሁዳዴ አጋማሽ ያ ትልቅ በረዶ የወረደ ቀን፣ ሹራቤን አውልቄ ወደ ሂተሩ ሄድኩና ማስተካከያውን አየሁት። ወደ ላይ ተገፍቷል። እኔ አልነካሁትም።

ዞር ስል እትዬ እታለም ሶፋው ላይ አለች። በእኔ ብርድ ልብስ።

«ቀጸላ፣ ዛሬ አልበረደሽም?»

«ኧረ እትዬ፣ ሞቆኛል» አልኩና ዝቅ አደረግሁት።

እያደር ድክም ትላለች፣ ትተኛለች፣ ትበላለች። ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ትጠብቅና ሽሮውን፣ ዳቦውን፣ ኦቾሎኒውን እንደ ክረምት ጎርፍ ትወስደዋለች። የለመደው ሆርሞን የቀረበት ሰውነቷ አቄመባት። ልብሷ መጥበብ ጀመረ። አንድ ቀን በበሩ ቀዳዳ ሳይ ሁለት የነበረው አራት ሆኗል። መድኃኒቱ የለመዳት መስሏት ጨመረችው! ምስኪን ጋሼ «ማጣፈጫዬ ቶሎ ቶሎ ያልቃል፣ ሻይ አበዛሁ መሰለኝ» ይላል። ከፋርማሲ አዲስ ስታመጣም ወደ ቫይታሚኑ ጠርሙስ ገለበጠችው፤ እኔም በማግስቱ ደግሜ ገለበጥኩት፤ እሑድ እሑድ በማጣፈጫ የምትሞላልኝን ሳጥንም ማታውኑ በእውነተኛው እቀይረዋለሁ። ከውሃ ቀጂ የበለጠ ተመላለስኩ።

ግን የበቀሌን ጣፋጩን ክፍል ያመጡልኝ እኔ ያላሰብኳቸው ሰው ናቸው። እማማ ለተንሳኤ የአሥመራ ሰው ናቸው፣ በአማርኛ የተማሩ፣ ምላሳቸው ምላጭ። የቤተ ክርስቲያኑ ኩሽና ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበው ምስር ሲለቅሙ እትዬ እታለምን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና፦

«እታለም፣ ሁላችን በዚህ ጾም ጉንጫችን ገባ። የአንቺ ምን ሆኖ ነው የወጣው?» አሉ።

«እ... ዳቦ ነው እማማ። ዳቦ አበዛሁ።»

«ዳቦ ነው? ዳቦው ቀንድ ነበረው እንዴ?»

ኩሽናው ፈነዳ። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ስለነበር እንባዬን በሽንኩርት አሳበብኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አበቃላት። ከመኪናዋ ስትወርድ ሴቶቹ ይጠቃቀሳሉ። ፓርኪንጉ ላይ «ኮልፋክስ ያለው በርገር ቤት አይቻታለሁ» የሚልም ተገኘ፤ ማን እንዳየ አይታወቅም። ምን ትመልስ? «ሥጋ አልበላሁም፣ የሙት ልጅ መድኃኒት ሰርቄ ስውጥ ከስቼ ነበር፤ አሁን እምቢ አለኝ» ትበል? ከጾመኛ ሁሉ በላይ የጾመችው እሷ ሆና፣ ስሟ የጠፋው በጾም ነው። እኔ አላጠፋሁትም። እኔ ማጣፈጫ ብቻ ነው የሰጠኋት።

ፋሲካ አለፈ። ጋሼ ወደ ክሊኒኩ ወሰደኝ፤ እትዬ እታለም ደክሟት ተኝታ ስለነበር በራሴ እንግሊዝኛ ገባሁ። ውጤቱ ዓርብ ወጣ፦ ሦስት። ሃምሳ የነበረው ሦስት! ነርሷ ወረቀቱን ሁለቴ አየችው።

«ምን ቀየርሽ?» አለችኝ።

«ጠርሙስ» አልኳት።

ሳቀች። ቀልድ መሰላት። ጋሼ ብዙነህ ግን ቁጥሩን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ፣ መኪናው ውስጥ መሪውን ይዞ አለቀሰ። «አትሄጂም» አለኝ። «የትም አትሄጂም።»

እሑድ የሠርጉ ቀን ነው። ከአዲስ አበባ የመጣው ቀሚስ አልጋ ላይ ተዘርግቷል፤ የጥሯ እትዬ እታለም ቀሚስ። የግንቦቷ ውስጡ ገባች። ዚፑን የምስበው እኔ ነኝ።

«ትንፋሽዎን ይሳቡ።»

«ስቤያለሁ።»

«ይበልጥ።»

«ልሞት ነው እንዴ?»

ግማሽ ድረስ ሄደና ቆመ። ከዚያ ወዲያ ክሬን ቢመጣም አይሄድም። በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት፣ ነጠላ ደርቤ ሸፈንኩት። መርፌ ቁልፎቹ የሱሪዋ ናቸው። «ጾሙ ተስማምቶዎታል» አልኳት። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያ ልተዋት ነበር። ቀሚሱ በቂ ነበር።

ግን አውሮራ ከተማ ያለው የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ምግብ ከተበላ በኋላ ጋሼ ብዙነህ ጠጅ ቢጤ ቀምሶ ተነሣና ለዘመድ ሁሉ፦ «ይቺ ልጅ ድናለች! ሐኪሞቹ ራሳቸው ገርሟቸዋል! እታለም በሁዳዴ ሱባኤ ይዛ ጸልያላት ነው!» አለ። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። እኔ እሷን አየሁ። ታስተባብል ይሆናል ብዬ። አንገቷን እንደ ቅድስት ሰበር አድርጋ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እልልታውን ተቀበለችው። እማማ ለተንሳኤ ሳይቀሩ «ለካ የወፈርሽው በጸጋ ነው» አሏት።

ተነሣሁ። ሻይ በትሪ ይዤ ጠረጴዛቸው ጋ መጣሁ። ለሁሉም ቀዳሁ። የጋሼን ማጣፈጫ ከኪሱ ወሰድኩና እትዬ እታለም አጠገብ ጎንበስ አልኩ።

«እጅዎን ይስጡኝ።»

ሳታስብ መዳፏን ዘረጋች። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። አራት ነጫጭ ፍሬዎች፣ የምስር ክክ የሚያህሉ።

«እንደለመዱት በሎሚ ውሃ ይወስዱታል?» አልኳት፣ ድምፄን አሳምሬ። «ወይስ ዛሬ ሻይ ውስጥ ይሁን?»

መዳፏን አየች። አንዱን አንሥታ ምላሷ ጫፍ ላይ አደረገችው። ጣዕሙ ሲደርስባት በዓይኔ አየሁ፤ መጀመሪያ ከንፈሯ፣ ከዚያ ፊቷ፣ ከዚያ የመርፌ ቁልፎቹ። አንዱ ጠስ ብሎ ተፈናጠረ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች በሹክሹክታ።

«ከቅበላ።»

«ምንድን ነው የምትባባሉት?» አለ ጋሼ እየሳቀ።

«ስለ ጾም ነው ጋሼ» አልኩት። «እትዬ፣ ይነግሩታል ወይስ ልንገረው?»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ እየሳበች ወለሉን አየች። «ዛሬ ሠርግ ነው» አለች በመጨረሻ። «ቤት ስንገባ ራሴ እነግረዋለሁ።»

ነገረችው። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ የጋሼ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጣው። ሽማግሌ አልተጠራም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ የመድኃኒት ጠርሙሴ፣ የፋርማሲው ማኅተም ሳይቀደድ፣ ከነሳጥኔ የክፍሌ በር ላይ ተቀምጧል።

እትዬ እታለም ሳሎን ነበረች፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ። ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። ግንቦት ነው፣ ግን ዴንቨር ነው፤ ውጭ በረዶ ቢጤ ያካፋል።

በሂተሩ በኩል አለፍኩ። ቆም ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ወደ ታች አደረግሁት።

ሞቆኝ ነዋ።